ዔን ከሬም

እህቴን ልንጠይቅ ኢየሩሳሌም የሄድን ሰሞን፣ እማዬ ሌላውን ሁሉ ትታ «ኤልሳቤጥ ቤት ውሰዱኝ» አለች። ዔን ከሬምን ማለቷ ነው፤ ከከተማዋ በስተምዕራብ ሸለቆ ውስጥ ያለ፣ በአውቶቡስ የሚደረስ፣ የድንጋይ ቤቶች መንደር። በትውፊት የኤልሳቤጥ ልጅ መጥምቁ ዮሐንስ የተወለደው እዚህ ነው። የመንደሩ ስም የወይን ቦታ ምንጭ ማለት ሲሆን፣ «የውሃ ዐይን» ለምንል ለእኛ ግማሹ አስተርጓሚ አያሻውም።

የማርያም ምንጭ የሚሉት ከአንድ አሮጌ መስጊድ ሥር ይፈልቃል። አይጠጣም ተብሏል። እማዬ ግን ጠርሙሷን ሞልታ ግንባሯንም አበሰች፤ ማን ይከልክላት! ከዚያ ወደ ማርያም ጉብኝት ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው ደረጃ መጣ። ጉልበቷን ያማታል፤ ሁለቴ ተቀመጠች። «እመቤታችን ፀንሳ ወጥታዋለች» አለችና ተነሣች። ሕንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ባርሉዚ ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። በግቢው ግድግዳ ላይ ጸሎተ ማርያም በብዙ ቋንቋዎች በሰሌዳ ተደርድሯል። እሷ በቃሏ ስለምትወጣው ሰሌዳ አልፈለገችም፤ ቆማ አደረሰችው።

መንደሩ እስከ 1948 እ.ኤ.አ. የዐረቦች ነበር፤ በጦርነቱ ወጥተው አልተመለሱም። ያንን ውብ ድንጋይ የጠረቡት እነሱ ናቸው፤ እያደነቅሁ ይህን መርሳት አልቻልኩም። ዛሬ የሠዓሊዎችና የምግብ ቤቶች ሰፈር ነው።

ስትሄዱ በማለዳ ይሁን። እናት ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ደረጃው ላይ አታቻኩሏት።