መሰንቆና ማኅበር፤ ስለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አጭር ሒስ

ግብፅ ተወላጁ ሐሊም ኤል ዳብህ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ ሲያቋቁም ሙከራው አንድ ነበር፤ ይኸውም ለየብቻ ሲሰሙ የኖሩ መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት በአንድነት ይጫወቱ ዘንድ ነው። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። በ1969 የቡድኑ አባሎች ወደ አሜሪካ ተጉዘው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርዒት ታዩ። ይህ ግን ዝና ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ለፍርድ መሰንቆው ካደገበት አገር መነሣት ይሻላል። በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ፣ እንደ ሌላውም የአማራ አገር፣ አዝማሪ ጭራውን የሚቃኘው በገዛ ድምፁ ልክ ነው፤ አድማጩም «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጠዋል። በማኅበር ሲጫወት ግን ቅኝቱን ከባልንጀሮቹ ጋር ማስማማት፣ የዜማውንም መጨረሻ አስቀድሞ መወሰን ግድ ይሆንበታል።

በ2007 በኤቲዮፒክስ 23ኛ ቅጽ የወጣውን ቅጂ ላደመጠ ሰው ትርፉ ግልጽ ነው፤ ተለያይተው የኖሩ ድምፆች ተገናኝተው አዲስ ጉልበት አግኝተዋል። የጎደለው አድማጩ ነው፤ ከግጥም ሰጪነት ወደ አጨብጫቢነት ወርዷል።

ቡድኑ በ1975 ፈረሰ፤ ጥያቄው ግን አልፈረሰም። ዛሬም መሰንቆን ከባዕድ መሣሪያ ጋር የሚያዋሕዱትን ጋዜጣ ከማመስገኑ አስቀድሞ እንዲህ ብሎ ሊጠይቃቸው ይገባል፤ አድማጩ «ተቀበል!» የሚልበት ስፍራ የት ነው?