ቫይረስ ያልበላው ፋይል

«የኔ ልጅ፣ ቫይረስ በልቶታል መሰለኝ» አሉኝ ፍላሹን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ። የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው። ልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ ገዛላቸው፤ እሳቸውም ከአሮጌው ኮምፒውተር ፋይሎቹን ገለበጡ። ሲከፍቷቸው ግን መተዳደሪያ ደንቡም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ የአባላት መዝገቡም የማይነበብ ሆነ።

ከፍቼ አየሁት። «አዲስ አበባ» መኖር በነበረበት ቦታ መጀመሪያ ኤክስ፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ የተሸከመች ኤ፣ ከዚያ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ ትልቋ ኤስ ተደርድረዋል። ለ«አበባ» ደግሞ ኤክስ፣ ትንሿ ቢ፣ መጨረሻ ላይ ኤ እና ኢ የተጣበቁበት አንድ የላቲን ፊደል።

«ጋሼ፣ ምንም አልሆነም። ፋይልዎ ደህና ነው፤ አብሮት መምጣት የነበረበት ነገር ቀርቷል እንጂ» አልኳቸው። አላመኑኝም። በእኛ አገር ኮምፒውተር ላይ ለሚደርስ ጥፋት ሁሉ ተጠያቂው ቫይረስ ነው።

የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከጽሕፈቱ ይልቅ ዛሬ ዛሬ ደንበኛ የሚያመጣልኝ ይሄ ነው፤ አሮጌ ፋይል በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስነበብ። ሥራው የሚጀምረው ደግሞ ነገሩ ከየት እንደመጣ ከማወቅ ነው።

ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ለፊደላችን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ የምንጽፈው በፓወር ግእዝ፣ በቪዥዋል ግእዝና በመሰሎቻቸው ነበር። አንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን ከዚያም ላይ ለፊደል የማይውል ነበረበት። የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዛ ብቻውን 231 ይሆናል። ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ሠሪዎቹ መላ ፈጠሩ። «ዲ»ን ለብቻዋ ከማስቀመጥ የ«ዳ»ን አካል በአንድ ቦታ፣ ከእግሯ የምትወጣዋን ቅጥያ ደግሞ በቃለ አጋኖው ቦታ አኖሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ «ዲ» ይሆናሉ። የእጅ ጸሐፊም ቢሆን «ዲ»ን የሚጽፈው እንደዚያው ነው።

እንግዲህ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ላቲን ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ፎንቱ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ዎርድ ያገኘውን ሌላ ያለብሰውና ላቲኑ አፍጦ ይወጣል። የጠፋ ነገር የለም። ጥፋት የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ ሰው ሊያስተካክል ሲነካካው ነው።

በሥራው ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጣች። ፊደሉ ሲበላሽባት ጽሑፉን በሙሉ መርጣ ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይራ ሴቭ አድርጋዋለች። ይህን ባታደርግ ኖሮ ዎርድ ራሱ ይነግረኝ ነበር፤ የማይነበበው ቃል ላይ ጠቅ ሲደረግ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖር እንኳ ስሙ ከላይ ሳጥኑ ውስጥ ይታያል። የቱ አማርኛ፣ የቱ እንግሊዝኛ እንደሆነ የሚመሰክረው ያ ስም ብቻ ነው። እሷ ግን ምስክሩን አጥፍታዋለች። በየመስመሩ የተሰገሰጉት የመድኃኒት ስሞች ከአማርኛው ጋር አንድ ዓይነት ላቲን ሆነው ቀሩ። አንድ በአንድ እያነበብኩ መለየት ነበረብኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የለቀምኩት ግን እኔ ነኝ።

የራሴንም ልናገር። ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ፕሮግራም ሳላውቅ በፊት በዎርድ «ፈልገህ ተካ» ልሠራ ተነሳሁ። ፊደል በፊደል ስሄድ ሁለት ነጥብ የተሸከመችውን ኤም በ«ዳ» ተካሁ፤ አስር ገጽ ላይ «አዳ!ስ አበባ» ወጣልኝ። መጀመሪያ ጥንዱ፣ ቀጥሎ ነጠላው መተካት ነበረበት። ዛሬ መለወጫውን ሳሠራ እንኳ ፊደሉን በሙሉ ሳይሆን ያ ፎንት የለበሰውን ብቻ እንዲቀይር አደርጋለሁ። አለዚያ የእንግሊዝኛው ስም ወደማይነበብ አማርኛ ይለወጣል፤ የጽሑፉ እውነተኛ ቃለ አጋኖም የፊደል እግር ይሆናል።

ለጋሼ ግን ሌላ ቀላል መንገድ ነበረኝ። ደንቡን ለማንበብና ለማተም ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ አያስፈልግም፤ ፎንቱ ይበቃል። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ካለው የፎንት ፎልደር ይገለበጥና አዲሱ ላይ በቀኝ ጠቅታ ይጫናል። መጻፊያ ፕሮግራሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለ16 ቢት የተሠራ ከሆነ በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ አይነሳም። ለእንዲህ ያለው ቀን ኢንተርኔት የማይነካው አንድ የኤክስፒ ኮምፒውተር ጥግ ላይ አስቀምጫለሁ። ኤክስፒም ኦፊስ 2003ም ከማይክሮሶፍት ድጋፍ የወጡት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2014 ስለሆነ ኔትወርክ ላይ አላሳድራቸውም። በፔጅሜከር የተሠራ መጽሔት ሲመጣም መክፈቻው እሱ ነው። ኢንዲዛይን ይከፍተው የነበረው እስከ ሲኤስ6 ድረስ ብቻ ነው፤ ነፃው ሊብሬኦፊስ ግን ዛሬም ይሞክረዋል።

«ካነበብኩት አይበቃም?» አሉኝ ጋሼ፣ ደንቡ በአሮጌው ፎንት ተስተካክሎ ሲወጣ አይተው።

«እስኪ ብር የሚለውን ይፈልጉ» አልኳቸው። ስለ መዋጮ የሚናገረውን አንቀጽ ፍለጋ ሲሄዱ ኮምፒውተሩ «የአዳራሹ በር» ላይ አቆማቸው። ግራ ገባቸው። በዚያ ፎንት «በ» ትንሿ ቢ ናት፣ «ብ» ደግሞ ትልቋ ቢ። የዎርድ ፍለጋ ካልነገሩት በቀር ትንሹንና ትልቁን ላቲን አይለይም፤ ስለዚህ በርና ብር ለእሱ አንድ ናቸው። ኤክሴል ላይም ቪሉክአፕ ትንሹንና ትልቁን ስለማይለይ በግእዝና በሳድስ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ሲገጥሙት የአንዱን መዋጮ ለሌላው ይሰጣል። ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድር ቢሉትም የሚደረድረው በኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው፤ በ«አ» የሚጀምሩት ኤክስ ናቸውና መጨረሻ አካባቢ ይሰለፋሉ። በዩኒኮድ ግን «በ» 1260፣ «ብ» 1265 የሚል የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ማንም አያምታታቸውም።

አሮጌ ደብዳቤዎች ውስጥ «በመሆኑም» ለማለት «ብመሆኑም» ተብሎ የሚገኘው ከዚሁ የተነሳ ነው። ጸሐፊዋ አልተሳሳተችም። ዎርድ እንግሊዝኛ መስሎት የአረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ፊደል ወደ ትልቅ ቀይሮባታል። እንዲህ ያለውን መለወጫው አያውቅም፤ ዓይን ያላት አራሚ ታስፈልጋለች። ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ተጽፎ አራት ነጥብ እንዲመስል የተደረገውንም እግረ መንገዴን አንድ አራት ነጥብ አደርገዋለሁ።

ስለዚህ የጋሼን ፋይሎች ለወጥኳቸው። የመጀመሪያዎቹን ቅጂ «አይነካ» የሚል ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩና በሌላ ቅጂ ላይ ሠራሁ። ኒያላ የመስመሩን ቁመት ስለቀየረው ማውጫው ላይ ገጽ 4 የተባለው አንቀጽ ገጽ 5 ወረደ፤ ማውጫው እንደገና ተሠራ። ሠንጠረዡን ከተለወጠ በኋላ ደረደርኩት። በመጨረሻም የድሮውን ሃርድ ኮፒ እሳቸው ይዘው ድምፅ እያሰሙ አነበቡ፣ እኔ ስክሪኑን ተከታተልኩ። ማሽን ያለፈውን ስህተት የሚይዘው ይሄ አሮጌ ዘዴ ነው። ሦስት ስም አቃናን። አንደኛው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ፤ በሞት የተለዩ አባል ነበሩ።

«እንግዲያው አሮጌውን ለቆራሌው ልስጠው?» አሉኝ ሲነሱ።

«ገና ነው ጋሼ። ፎንቶቹን ልገልብጥና።»

ፎንቶቹን፣ የድሮዎቹን ፋይሎችና አዲሶቹን በሁለት ፍላሽ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለእድሩ ሰብሳቢ። ከዚያ ፖስታና እስክሪብቶ አቀረብኩላቸውና ላዩ ላይ እንዲጽፉ ለመንኳቸው፦ በምን ፕሮግራም እንደተጻፈ፣ ፎንቱ ማን እንደሚባል፣ መቼ እንደተለወጠ። ይህን የዛሬ 20 ዓመት አንድ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ እኔ ጋ ባልመጡ ነበር። ለገበያዬ ጥሩ ምክር አይደለም፤ ለማንኛውም ደንበኛ ግን ሳልነግረው አልሸኝም።

ጋሼ ሦስቱን መስመር በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው ጻፉ። ጨርሰው ትንሽ አሰቡና ከቦርሳቸው የእድሩን ማኅተም አውጥተው ፖስታው ላይ መቱበት።