አንድ ታካሚ፣ አንድ ካርድ

አንድ ታካሚ በሆስፒታል ዳታቤዝ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ የሕክምና ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው በአንዱ ካርድ ላይ ተጽፎ ይቀራል፤ ሐኪሙ ደግሞ ሌላውን ይከፍታል። የካርድ ክፍል ሲስተም የምንሠራ ሰዎች ድግግሞሽን አጥብቀን የምንከላከለው ለዚህ ነው።

ብዙ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚጽፈው «ፈልግ፤ ከሌለ መዝግብ» የሚል ኮድ ነው። በአንድ መስኮት ያለ ችግር ይሠራል። ሁለት መዝጋቢዎች አንድን የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር እኩል ሲያስገቡ ግን፣ ወይም አንዷ ኔትወርኩ ሲዘገይባት «መዝግብ» የሚለውን ደግማ ስትጫን፣ ሁለቱም ፍለጋዎች «የለም» የሚል መልስ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ሁለት ረድፍ ይገባል። ይህን ክፍተት በአስተማማኝ የሚዘጋው ሠንጠረዡ ራሱ ነው፤ በፋይዳው ዓምድ ላይ የዩኒክ ገደብ ሲጣል ዳታቤዙ ሁለተኛውን አይቀበልም። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ከ9.5 እትሙ (2016 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ኦን ኮንፍሊክት» በሚለው ትእዛዝ ግጭት ሲፈጠር ምን እንደሚያደርግ አስቀድመን እንድንነግረው ያስችላል። እኔ የምመርጠው ነባሩን ካርድ አውጥቶ ለመዝጋቢዋ ማሳየትን ነው፤ አዲሱን መረጃ በዝምታ በነባሩ ላይ መጻፍ ለሕክምና መዝገብ አይሆንም።

ፋይዳ የሌለውስ? ዓምዱ በእርግጥ ባዶ፣ ማለትም ነል፣ ከሆነ ፖስትግሬስም ማይኤስኪውኤልም ባዶዎቹን እንደ ድግግሞሽ ስለማይቆጥሯቸው ሁሉም ይመዘገባሉ። ፎርሙ በነል ፈንታ ምንም ፊደል የሌለው ጽሑፍ ከላከ ግን ፋይዳ የሌለው ሁለተኛው ታካሚ «ተመዝግቧል» ተብሎ ይመለሳል። መዝጋቢዋም ሰልፉ ሲረዝምባት የፈጠራ ቁጥር ታስገባለች። ያለ ቦታው የጠበቀ ገደብ የሐሰት መረጃ ይወልዳል።

ስም ላይ ገደብ አይጣልም። ኃይለ ማርያም፣ ሃይለማርያም እና ኃ/ማርያም ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥና ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ዓምድ ይጨመራል፤ በዚያ ውስጥ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ይመጣሉ፣ «ኃ/» ተዘርዝሮ ይጻፋል፣ ክፍት ቦታው ይወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ስማቸው እስከ አያት የሚገጥም ሁለት ሰዎች አሉ፤ የእናት ስልክም ለልጆቿ ሁሉ ይመዘገባል። የስምና የስልክ መመሳሰል እንግዲህ ከጥርጣሬ አያልፍም። ሲስተሙ ተቀራራቢዎቹን ከነዕድሜያቸውና ከነቀበሌያቸው ይዘረዝራል፤ መዝጋቢዋ «እማማ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ታክመው ያውቃሉ?» ብላ ትጠይቃለች።

ጥርጣሬው ካልጠራ ሁለቱም ካርዶች ይቆዩ፤ ለማጣራት ምልክት ይደረግባቸው። ሁለት ጊዜ የተመዘገበን ሰው በኋላ ማዋሃድ ይቻላል። በስሕተት በአንድ ካርድ የተዋሃዱ ሁለት ሰዎችን መለየት ግን የትኛው የደም ምርመራ የማን እንደነበር ማወቅ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ይህን ሊነግረን አይችልም።