ቶሎ የሚጠግብ ብረት፣ ዘግይቶ የሚጠግብ ብረት

ዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ የተራ መኖሪያ ቤት ከረንት በሙሉ በቆጣሪው ውስጥ ያልፋል። ጋርላንድ ውስጥ ምጣድ በምጣድ የሆነ የእንጀራ መጋገሪያ ግን እንዲያ አይሆንለትም፤ ከረንቱ ለቆጣሪ ይበዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወፍራም ኬብል በከረንት ትራንስፎርመር፣ እኛ ባጭሩ ሲቲ በምንለው ቀለበት መሃል ያልፋል። ኬብሉ አንድ ዙር ነው፤ በቀለበቱ ብረት ላይ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ደግሞ 80 ያህል ዙር። 400 አምፔር ሲያልፍ 5 አምፔር ይወጣል። የቆጣሪው ንባብ በ80 መባዛቱን ሲያይ የሚደነግጥ ባለቤት አይጠፋም፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሲቲን ከሌላው ትራንስፎርመር የሚለየው ግን ማሳነሱ አይደለም። ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ምን ያህል ከረንት እንደሚሰጥ የሚወስነው ተጠቃሚው ነው፤ ሁሉም ቢያጠፋ ያርፋል። የሲቲን ከረንት የሚወስነው ዋናው መስመር ነው፣ ቆጣሪው ቢነቀልም የመስመሩ ከረንት አይቆምም። የቀጭኑ ሽቦ ጫፍ ተከፍቶ ከቀረ ብረቱን የሚያመጣጥነው ተቃራኒ ከረንት ይጠፋል፤ የዋናው መስመር ከረንት በሙሉ ብረቱን ማግኔት ለማድረግ ይውላል፤ ክፍቱ ጫፍ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊፈጠር ይችላል። መጀመሪያ ሾርት ማድረግ፣ ከዚያ መንቀል የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ በብዛት የሚገጠመው ቴስት ስዊች ቢላዋው ሲከፈት ራሱ ሾርት ያደርጋል። ተርሚናል ብሎክ ብቻ ባለበት ግን ብሎኑን ማጥበቅ የሠራተኛው ፈንታ ነው።

ጀማሪዎች "የትኛው ሲቲ ይሻላል?" ይሉኛል። እኔ መልሼ "ለምን ሥራ?" እላለሁ። ለሂሳብ የሚሆነው 0.3 የሚባለው ክፍል ነው፤ በሙሉ ከረንቱ ሲሠራ ስህተቱ ከ0.3 በመቶ አይበልጥም። ሾርት ሰርኪት ሲመጣ ብረቱ በማግኔት ቶሎ ይጠግብና ከዚያ በላይ ያለውን ከረንት አያሳልፍም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ቆጣሪውን ያድናል። ብሬከሩ እንዲከፈት ለሚያዘው ለሪሌይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሲ800 የተባለ ባለ 5 አምፔር ሲቲ ከረንቱ 20 እጥፍ ሆኖ 100 አምፔር ሲወጣ እስከ 800 ቮልት መግፋት አለበት፣ ስህተቱም ከ10 በመቶ እንዳያልፍ። በ10 በመቶ የሚስት ቆጣሪ ሌባ ነው። በሾርት ሰርኪት ሰዓት በ10 በመቶ የሚስት ሪሌይ ግን ብሬከሩን በጊዜው ያስከፍታል። የቆጣሪውን ኮር፣ ማለትም የሲቲውን ብረት፣ ለሪሌይ የሰጠ ሰው በአዘቦቱ ቀን ምንም አይታወቅበትም፤ ሪሌዩ የሚታወረው አደጋው በደረሰ ጊዜ ነው።

ቴክሳስ ውስጥ በ138 ኪሎቮልት ብሬከር ላይ እነዚህ ኮሮች መስመሩ በሚገባበትና በሚወጣበት በየቡሺንጉ ሥር እንደ ቀለበት ተደራርበው ይገኛሉ። አገር ቤት በ132ና በ230 ኪሎቮልት ጣቢያዎች የለመድነው በአብዛኛው ለብቻው በፖርሴሊን ቆሞ በውስጡ ለቆጣሪና ለሪሌይ የተለያዩ ኮሮችን የያዘው ዓይነት ነው። ለጊዜያዊ ልኬት የሚከፈትና የሚዘጋ ሲቲም አለ፤ ፊቶቹ መካከል አቧራ ከገባ ንባቡ ይዛባል፣ ለሂሳብ አላምነውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያከራክረኝ ከሲቲው እስከ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚዘረጋው ሽቦ ነው። አሜሪካ 5 አምፔርን አልተወችም፤ ሌላው ዓለም ወደ 1 አምፔር እየሄደ ነው። 10 ቁጥር የመዳብ ሽቦ በ1000 ጫማ ወደ 1 ኦም ይጠጋል። መቆጣጠሪያ ክፍሉ 500 ጫማ ከራቀ ደርሶ መልሱ 1000 ነው፤ በ5 አምፔር 25 ቮልት-አምፔር ሽቦው ብቻ ይበላል፣ በ1 አምፔር ግን 1 ብቻ። የዛሬ ዲጂታል ሪሌይ እምብዛም ስለማይስብ ጭነቱ ከሞላ ጎደል ሽቦው ራሱ ነው። ስለዚህ ሰፊ ግቢ ላይ ሲቲ ከማሳደግ ይልቅ ሽቦውን ማወፈር ይቀላል፣ ወይም ልኬቱን እዚያው ብሬከሩ ሥር ወደ ዲጂታል ለውጦ በፋይበር መላክ።