«አስተዳዳሪ» እና «ፈቃድ» በኮምፒዩተር ገጽ ላይ፤ የስያሜ ሂስ

ስያሜ የሚመዘነው በተሰየመው ነገር ባሕርይ ነው። አንድ ፕሮግራም የኮምፒዩተሩን መሠረታዊ አሠራር ሊለውጥ ሲል ለሚቀርበው ጥያቄ የተለመዱትን ሁለት ቃላት፣ «አስተዳዳሪ»ንና «ፈቃድ»ን፣ በዚህ መለኪያ እንመረምራለን።

አሠራሩ በ1999 ዓ.ም. ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሉ መብት ያለው ሰው እንኳ ፕሮግራሞችን በተለምዶ የሚያሠራው በተራ ተጠቃሚ መብት ነው፤ ከዚህ ያለፈ ለውጥ ሲያስፈልግ ጥያቄ ይቀርብለታል። ባለሙሉ መብቱ «አዎ» ወይም «አይ» ይላል፤ ተራው ተጠቃሚ ግን የባለመብቱን የይለፍ ቃል ማስገባት አለበት።

እንግዲህ «አስተዳዳሪ» ለዚህ ይስማማልን? ዲላ ቢሮው ተቀምጦ «የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል» የሚል ያነበበ ጸሐፊ በቅድሚያ የሚታሰበው የጌዴኦ ዞን ወይም የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። አፉን በጌዴኡፋ ፈትቶ አማርኛን በትምህርትና በሥራ ላወቀ አንባቢ ቃሉ ከሹመት ጋር የተቈራኘ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚፈልገው ግን መብት እንጂ ሹም አይደለም፤ ባለመብቱም ጸሐፊው ራሱ ሊሆን ይችላል። «ፈቃድ»ም የንግድ ፈቃድን፣ የዓመት ፈቃድንና የገዛ ፍላጎትን በአንድነት የተሸከመ ቃል ስለ ሆነ ለአፍታ የሚሰጠውን መስማማት ለይቶ አያሳይም።

የባሰው ችግር በማስተካከያው ላይ ይታያል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 7 ጥያቄው የሚቀርብበትን ሁኔታ በ4 ደረጃ ከፍሎታል። የመጨረሻው ደረጃ ቃል በቃል ሲተረጐም «በፍጹም አታሳውቀኝ» ይሆናል። አንባቢው ከንዝንዝ የተገላገለ ይመስለዋል። ፍሬ ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ባለሙሉ መብት ከሆነ ፕሮግራሞች ሳይጠይቁት ለውጥ ያደርጋሉ፤ ተራ ተጠቃሚ ከሆነ ደግሞ ለውጡ ሳይጠየቅ ይከለከላል። ጎጂ ፕሮግራምም በተከፈተው በር ይገባል። የእንግሊዝኛው ምንጭ ከዚህ ጉድለት የጸዳ አይደለም፤ ተርጓሚ ግን ጉድለትን የመውረስ ግዴታ የለበትም።

ስለዚህ ለተጠቃሚው ዓይነት «ባለሙሉ መብት»፣ ለመስማማቱ «ይሁንታ»፣ ለጥያቄው «የይሁንታ ጥያቄ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። የመጨረሻው ደረጃ «ያለ ጥያቄ ይወሰን» ቢባል መፍቀዱንም መከልከሉንም ይይዛል። «አስተዳዳሪ» ሥር ሰዷል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሥር የሰደደው ግን በባለሙያዎች ዘንድ ነው፤ ጥያቄው የሚቀርበው ደግሞ ለማንኛውም ተጠቃሚ ነው። ተርጓሚዎች ቃላቱን ከማጽደቃቸው በፊት አፉን በሌላ ቋንቋ በፈታ አንባቢ ፊት እንዲፈትኗቸው እናሳስባለን።