ሥልጣንና ሥልጣኔ፦ በዳኛቸው ወርቁ ሁለት ልቦለዶች ላይ የቀረበ ሒስ

ከደብረ ብርሃን ብርዳማ ሜዳ ተነሥቶ የጣርማ በርን ዋሻ የተሻገረ መንገደኛ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ይገባል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» መቼቱን ያደረገው በዚሁ ቁልቁለት አካባቢ ነው። ደራሲው የዚያው አገር ልጅ ስለ ነበር የሰሜን ሸዋን መልክዐ ምድርና አነጋገር ከውስጥ ያውቀዋል። መጽሐፉ ለንባብ የከበደ ነው ተብሎ ስለሚታማ ከሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ውጭ ያለው አንባቢ ብዙም አይደፍረውም። ሆኖም ግን ወደ ገጠር ተልኮ ሰውን ለማስተማርና ለማከም የሚሠራ ባለሙያ ሊያነበው የሚገባ ልቦለድ ቢኖር ይህ አንዱ ነው።

ስለ «አደፍርስ» ሲነገር የተለመደው አስተያየት መጽሐፉ የአሮጌውንና የአዲሱን ግጭት ያሳያል የሚል ነው። በአንድ ወገን ባለ ርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ በሌላው ወገን የተማረው ወጣት አደፍርስ ይቆማሉ፤ አንባቢውም ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ይህ አተረጓጎም ስሕተት ነው ባይባልም የተማረውን አንባቢ ያለ ልክ ያዝናናዋል። አንባቢው ራሱን ከአደፍርስ ጎን አሰልፎ በወይዘሮዋ ላይ ይፈርድና መጽሐፉን ያጥፋል። ዳኛቸው ግን ለማንም እንዲህ ያለ ምቹ ወንበር አላዘጋጀም።

በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል በክፍለ ሀገር ማገልገል ነበረበት። አደፍርስ የዚህ ትውልድ ልጅ ነው። አንብቧል፤ ያሰላስላል፤ ከሁሉም በላይ ግን ይናገራል። ስለ እምነት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ ሲጠየቅም ሳይጠየቅም ያብራራል። ስሙም በከንቱ አልተሰጠውም፤ «አደፈረሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና የረጋውን ውኃ መበጥበጥ ዕጣ ፈንታው ነው። ጥያቄው ውኃው ከደፈረሰ በኋላ ማን ይጠጣዋል የሚለው ነው።

ወይዘሮ አሰጋሽ በበኩላቸው ማብራራት አያስፈልጋቸውም። ሥልጣናቸው ከርስት፣ ከዘርና ከልማድ የመነጨ ስለ ሆነ ምክንያት አይቆጥርም። በዚህ ረገድ ሁለቱ ሰዎች ፍጹም የተለያዩ ይመስላሉ። ነገር ግን ንግግራቸውን ቀረብ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሁለቱም ለሌላው ሰው የሚበጀውን አስቀድመው ያውቃሉ። አንዷ በአያት በቅድመ አያት ስም፣ ሌላው በዕውቀት ስም ይወስናሉ። የአማርኛ ቋንቋ «ሥልጣን»ንና «ሥልጣኔ»ን ከአንድ ሥር ማብቀሉ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። አደፍርስ ያመጣው ሥልጣኔ በሰሚዎቹ ጆሮ ሌላ ሥልጣን ሆኖ ቢሰማ የሚያስገርም አይደለም።

የመጽሐፉም ድክመት ያለው እዚሁ ላይ ነው። ክርክሮቹ ከሚገባቸው በላይ ይረዝማሉ፤ አንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሰው መሆኑ ቀርቶ የሐሳብ ማስተላለፊያ ይሆናል። በተለይ የወጣት ሴቶቹ ውስጣዊ ፍላጎት ስለ እነርሱ ከሚካሄደው ሙግት አንጻር ሲታይ ድምፁ አነስተኛ ነው። ደራሲው ይህን ሆን ብሎ አድርጎት ከሆነ ትዝብቱ ብርቱ ነው፤ ሆን ብሎ ካልሆነም እርሱ ራሱ በአደፍርስ በሽታ ተይዟል ማለት ነው።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ወደ ገጠር የሚላከው መልእክተኛ ተለውጧል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነደፍ በ16 ፓኬጆች የምታስተምረው ሠራተኛ በተቻለ መጠን ከዚያው ከምታገለግለው ማኅበረሰብ እንድትመለመል ተደርጓል። መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር የምትመክረው ሴት ነገ ከዚያው ምንጭ ውኃ ትቀዳለች፤ በዚያው ለቅሶ ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ እንደ አደፍርስ ተናግራ መሄድ አትችልም። ምክሯ ሳይሰማ ሲቀር ምክንያቱን ከጎረቤት አፍ ትሰማዋለች። አደፍርስን የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ይህ ግዴታ ይመስላል።

ዳኛቸው የሥልጣንንና የምርጫን ጉዳይ ወደ ሕሙም ሰው አልጋ ያቀረበው በሁለተኛው ልቦለዱ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈው «ዘ ተርቲንዝ ሰን» (ዐሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ) በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሄይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት ታተመ። መቼቱ ከሰሜን ሸዋ ወጥቶ ወደ ዝቋላ ተራራ ይሻገራል። በጠና የታመሙት ፊታውራሪ ወልዱ ከልጃቸው ከጎይቶምና ከሴት ልጃቸው ከወይኒቱ ጋር ፈውስ ፍለጋ ወደ አቦ ደብር ይጓዛሉ፤ በአንድ ገበሬ ጎጆ ያርፋሉ፤ ጠበሉም የአዋቂ ሴት ሥራይም ይሞከራል፤ በመጨረሻ ግን ይሞታሉ።

ልቦለዱን የተማረ ሰው ሲያነብበው ወዲያው «ምነው ሐኪም ቤት በወሰዷቸው» ይላል። ይህ ግን የመጽሐፉ ዐቢይ ጥያቄ አይደለም። ፊታውራሪው ተገድደው አልሄዱም። በዘመናዊው የሕክምና ሥነ ምግባር ቋንቋ ብንናገር ምርጫው የታማሚው ነው፤ ፈቃዳቸውም ሙሉ በሙሉ ተከብሯል። ታዲያ አንባቢውን የሚያስጨንቀው ምንድን ነው? የእርሳቸው ምርጫ የሚፈጸመው በሌሎች ጫንቃ ላይ መሆኑ ነው። ልጆቹ ይከተላሉ፤ ገበሬው ጎጆውን ይለቅቃል፤ ማንም «አንተስ?» ተብሎ አልተጠየቀም። ሕመም የፊታውራሪውን አካል ሲያደክም ትእዛዛቸውን ግን አላደከመም። የታማሚን ነጻ ምርጫ እንደ ንጹሕ በጎ ነገር ብቻ ለሚያስተምሩ ሁሉ ይህ ልቦለድ ከባድ ፈተና ነው። ምርጫ በእኩል አልተከፋፈለምና።

ከቆላ ተነሥተው ደብረ ብርሃን ለሕክምና የሚመጡ ቤተሰቦችን ያየ ባለሙያ ተቃራኒውን ሥዕል ያውቃል። ሐኪሙ ሴትየዋን ይጠይቃል፤ ባልየው ይመልሳል። የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ወረቀት ላይ የጣት አሻራዋ ይቀመጣል፤ ውሳኔው ግን ከበር ውጭ በዘመዶች ሸንጎ ካለቀ ቆይቷል። ፊታውራሪ ወልዱ የሞላላቸው ነገር ለእርሷ የላትም፤ የጎይቶምና የወይኒቱ ወገን ናት።

ሕመም ሁልጊዜ ሥልጣንን ያጠነክራል ማለት ደግሞ አይደለም። ከደብረ ሲና በስተደቡብ በዚያው ተረተር ላይ በምትገኘው በአንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነገሡበት ዘመን የተፈጸመው ታሪክ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ በ1844 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ንጉሡ በጠና ከታመሙ በኋላ በጎንቾ ታስረው የኖሩት የንጉሣዊው ቤተ ሰብ አባላት እንደ ተፈቱ ይተርካል። ሐሪስ የምሕረቱን ምስጋና በከፊል ለራሱ ስለሚሰጥ፣ አጻጻፉም ጌጥ የበዛበት ስለ ሆነ ትረካው በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። ቢሆንም የሞት ፍርሃት በአንድ ገዥ ልቡና ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያመለክታል። ሣህለ ሥላሴን የፈታቸው ሕመም ፊታውራሪ ወልዱን አልፈታቸውም። ልዩነቱ ሊመነጭ የሚችለው ከበሽታው ዓይነት ሳይሆን በአልጋው ዙሪያ ደፍሮ የሚናገር ሰው ከመኖሩና ካለመኖሩ ነው።

በጠበልና በመድኃኒት መካከል ያለው ሙግትም ልቦለዱ ከታተመ በኋላ ቅርጹን ለውጧል። በሰሜን ሸዋ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም በጠበላቸው ከሩቅ ሕሙማንን የሚስቡ ደብሮች ናቸው። በኤች አይ ቪ ሳቢያ ወደ ጠበል ቦታዎች የሚሄዱ ብዙ ሰዎች መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል ይመስላቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ልብ መባል ያለበት ይህን በር የከፈተው ከሐኪም ይልቅ ሌላ ባለ ሥልጣን መሆኑ ነው። የብዙ ሕሙማን የግል ምርጫ የሰፋው የሚያምኑት አባት «ይቻላል» ስላላቸው ነው። አደፍርስ ቢሆን ኖሮ አንዱን እንዲመርጡ ይሞግታቸው ነበር።

ወደ ዝቋላው ጎጆ እንመለስና፣ በዚያ ክፍል ውስጥ እጅግ አሳሳቢው ሰው ጎይቶም ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቀምሷል፤ የአባቱን ሁኔታ ያያል፤ በዙሪያው ያለውን ድህነትና ግፍም ያስተውላል። አደፍርስ ያለ ማቋረጥ ሲናገር ጎይቶም ነገሩን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ዳኛቸው በመጀመሪያው ልቦለዱ ማዳመጥ የተሳነውን የተማረ ሰው፣ በሁለተኛው ደግሞ አይቶ መናገር የተሳነውን የተማረ ሰው ሣለ። ከሁለቱ የትኛው ለታማሚው ይበልጥ አደገኛ እንደ ሆነ ደራሲው አልወሰነም፤ የፊታውራሪው አስከሬን ከተራራው ሲመለስም ልጁ አሁንም ከጎኑ ይጓዛል።