የኔታ የሌለው ንባብ

«ይሰማል» ብዬ ልጻፍላችሁ። ሰውየው ጆሮ አለው ማለቴ ነው ወይስ ድምፁ ይደርሳል? «ገና ነው» ስልስ? በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? ፊደላችን መጥበቅ መላላቱን አያሳይም፤ እኛ ከዐውዱ እንደርስበታለን።

ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብቡልን ነፃ ፕሮግራሞች የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ኤንቪዲኤ ዛሬም ዋጋ አይጠየቅበትም። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክም አማርኛ ይሞክራል። ውለታውን አልክድም፤ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ሰው ሳይለምን የጻፈውን መልሶ ይሰማል።

ችግሩ ግን ማሽኑ ሲሳሳት የሚያርመው የለም። በጎንደር ንባብ ቤት ተማሪው ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ ቢያምታታ፣ የላላውን ቢያጠብቅ፣ መጽሐፉን የማያዩ የኔታ እንኳ በጆሯቸው ብቻ ይይዙታል፤ «መልስ!» ይሉታል። ማሽኑን ማን «መልስ!» ይበለው?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአማርኛና የኮምፒውተር መምህራን ከንባብ ቤቶቹ ጋር ቢቀመጡ፣ የሚጠብቀውን ከሚላላው የለየ የቃላት መዝገብ አዘጋጅተው በነፃ ቢለቁት ምን ይላችኋል? እኛ ስንሰማ እናርመዋለን። በዓይኑ የማያረጋግጠው ልጅ ግን የሰማውን ይዞ ነው ፈተና የሚቀመጠው።